የተከለለ ደን ለማዕድን ሲከፈት፦ ተረትና እውነታ ከጆርጂያ

የአሜሪካ መንግሥት ለማዕድን ፈላጊ ዘግቶት የቆየውን የሕዝብ ደን መልሶ ሲከፍት የሚነሣው ክልከላው ብቻ ነው። ቡልዶዘር በማግስቱ ይገባል የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው፤ ከማዕድን ፈላጊው ማመልከቻ በኋላ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናትና የሥራ ዕቅድ ማጽደቅ ይከተላል። በአንጻሩ ደግሞ አንዴ የተከለለ ለዘላለም ተከልሏል የሚሉ አሉ። በ1976 የወጣው የፌዴራል መሬት ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከ5,000 ኤከር በላይ ሲከለክል ዕድሜው ከ20 ዓመት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ማደስ ግን ይቻላል።

ብሔራዊ ደንን ከብሔራዊ ፓርክ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ደኑ የግብርና ሚኒስቴር ይዞታ ነው፤ እንጨት ይቆረጥበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ማዕድንም ይወጣበታል።

ከሁሉ የገነነው እምነት ማንም ሰው ካስማ ተክሎ “ይህ የእኔ ነው” ማለት ይችላል የሚለው ነው። በምዕራብ ግዛቶች ይህ ከእውነት ብዙም አይርቅም። የ1872ቱ የማዕድን ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ 20 ኤከር ገደማ ለሚሆን አንድ ይዞታ በዓመት 200 ዶላር ይከፈላል፣ ለፌዴራሉ መንግሥት የሚገባ ሮያሊቲ የለም። ከአትላንታ በስተሰሜን ባለው የቻታሁቺ ብሔራዊ ደን ግን ካስማ መትከል ዋጋ የለውም። ጆርጂያ ከ13ቱ መሥራች ግዛቶች አንዷ ስለሆነች ያ ሕግ የሚመለከተው ዓይነት የፌዴራል መሬት አልነበራትም። መንግሥት ተራቁቶ የነበረውን ተራራ በ1911 በወጣው የዊክስ ሕግ ከባለቤቶቹ ገዛ፤ የመጀመሪያው ግዢ 31,000 ኤከር ገደማ ሲሆን የተከፈለው በኤከር 7 ዶላር ነበር። ደኑ በስሙ የታወጀው በ1936 ነው። እንዲህ ባለ የተገዛ መሬት ላይ ወርቅ የሚሻ ኩባንያ ሊዝ ይጠይቃል፤ ደኑን የሚያስተዳድረው የደን አገልግሎት ካልተስማማ ሊዙ አይሰጥም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በምዕራቡ ይዞታው መብት ሲሆን፣ እዚህ ፈቃዱ በመንግሥት በጎ ፈቃድ ላይ ያረፈ ነው።

መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ማዕድኑም የመንግሥት ነው ብሎ ማሰብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ተፈጥሯዊ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓልና። በአሜሪካ ግን የላዩና የታቹ ባለቤት ሊለያይ ይችላል። መሬቱን ሲሸጥ የከርሰ ምድሩን መብት ያስቀረ ሰው፣ ወይም ወራሹ፣ ክልከላው አይነካውም። ከክልከላው በፊት የጸና መብትም እንዲሁ ነው፤ በ2012 በግራንድ ካንየን ዙሪያ አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል ተዘግቶ ሳለ፣ በዚያው ክልል በካይባብ ብሔራዊ ደን ያለው የፒንዮን ፕሌን የዩራኒየም ጉድጓድ ሥራ መጀመሩ ለዚህ ነው።

ጉዳዩ የተራራው ነዋሪ ብቻ ይመስላል። ይሁንና የአትላንታ ከተማ የምትጠጣው የቻታሁቺ ወንዝ የሚመነጨው ከዚሁ ደን ነው። የወርቁም ወሬ አፈ ታሪክ አይደለም፤ የዚሁ አካባቢ የዳሎኒጋ ወርቅ በ1829 ገደማ ሰው አጉርፎ ነባሮቹ የቼሮኪ ሕዝቦች ከአገራቸው የተነቀሉበትን ግፍ አፋጥኗል፤ አትላንታ ያለው የግዛቱ ምክር ቤት ጉልላትም በ1958 የተለበጠው በዳሎኒጋ ወርቅ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የደኑ ጅረት በሳህንና በትንሽ የእጅ አካፋ አሸዋ ማጠብ ያለ ፈቃድ ይቻላል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ግን ክልክል ነው።

በቅርብ ዓመታት ጆርጂያን ያነታረከው የማዕድን ዕቅድ ደግሞ በሕዝብ መሬት ላይ ጭራሽ አልነበረም። ትዊን ፓይንስ የተባለው ኩባንያ ከኦኬፈኖኪ ረግረግ ጥብቅ ስፍራ 5 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በግል መሬት ላይ፣ ታይታኒየም ሊቆፍር አስቦ ነበር። አትላንታ ያለው የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 ረቂቅ ፈቃድ አወጣ። ዕቅዱን ያስቆመው አዲስ ክልከላ አይደለም፤ ኮንሰርቬሽን ፈንድ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2025 መሬቱን በ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱ ነው።