ሐይቅ ዳር ለምታድር መኪና

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውኃ ከከተማው ጥግ ነው፤ ከወዲያ የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። እዚያ ዳር መኪና አቁሞ ማደርን የመሰለ ነገር የለም። ወንበሮቿ ተነቅለው አልጋ፣ የውኃ በርሜልና ትንሽ ማቀዝቀዣ የገባላት አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ለዚህ ትበቃለች። አልጋውን ሰፈር ያለ አናጺ ይሠራዋል። የመብራቱ ነገር ግን ሽቦ ሳይገዛ በፊት ወረቀት ላይ ማለቅ አለበት።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰው የገጠር ቤት ጣሪያው ላይ ሶላር ሲሰቅል የሚዘረጋው ይህንኑ ነው። ፓነሉ ከፀሐይ ይቀበላል፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ እየመጠነ ይሞላል፣ ባትሪው ያጠራቅማል፣ አምፖሉ ማታ ይጠቀማል። መኪና በዚህ ላይ ሁለት ነገር ትጨምራለች፦ ሞተሯ ሲዞር ባትሪ የሚሞላ ዲናሞና እረፍት የሌለው መንቀጥቀጥ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓነል ይገዛል። እኔ ግን ስሌቱ ከማታው መጀመር አለበት ባይ ነኝ፤ ጨለማው ሲመጣ ምን ምን ይሠራል? እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ ሦስት አምፖሎች አራት ሰዓት ቢበሩ 60 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ሁለት ስልክ ለመሙላት 30፣ ለውኃ ፓምፗ 10 እንያዝ። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ እስከ ነገ እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ 45 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ በቀንና በሌሊት ውስጥ 10 ሰዓት ያህል ቢሠራ 450 ነው። ድምሩ 550 ዋት ሰዓት። ከዚህ ውስጥ የአንበሳውን ድርሻ የወሰደው ዓሣው ነው።

100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ በእጅ ያለው 600 ብቻ ነው። 200 ዋት ፓነል በበጋ፣ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘና ከብክነቱ የተረፈው 70 በመቶ ቢሆን፣ 700 ዋት ሰዓት ያስገባል። በጥር ይህ ይተርፋል። በነሐሴ፣ ደመናው ተራራው ላይ ሲተኛ፣ ሦስት ሰዓት ፀሐይ እንኳ ቢገኝ 420 ብቻ ነው። ያን ጊዜ ወይ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፣ ወይ መኪናዋ መንቀሳቀስ አለባት።

እንጀራ መጋገሪያስ? 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ12 ቮልት ወደ 290 አምፒር ይስባል። ያ 600 ዋት ሰዓት በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ምጣዱ በቅጡ ሳይግል ማለት ነው። ሙቀት የሚፈልግ ነገር ሁሉ፣ ቡናም ጭምር፣ ለጋዝ ወይም ለከሰል ይተው፤ እሱም ከመኪናዋ ውጭ፣ ምክንያቱም የከሰል ጭስ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይገድላል።

የመኪና ሽቦ ከቤት ሽቦ የሚለየው ውፍረቱ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው 4 አምፒር ይወስዳል። ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ሽቦው ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭን ሽቦ በመንገድ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ይበላል። ከ220 ቮልት ግማሽ ቢጎድል ማን ያውቃል? ከ12 ሲጎድል ግን ባትሪው ትንሽ ደከም እንዳለ ማቀዝቀዣው አልነሣም ይላል። ባለ 4 ካሬ ሽቦ ጉድለቱን ከ0.2 ቮልት በታች ያወርደዋል። ለቤት ግድግዳ የሚሸጠው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦም እዚህ አይሆንም፤ ኮረኮንች ላይ እየተንቀጠቀጠ ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደው ይሻላል፤ ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ የጎማ ቀለበት ይግባለት።

12 ቮልት አይነዝርም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋቸውም ይኸው ነው። ፖዘቲቩ ከመኪናዋ ቦዲ ጋር ሾርት ካደረገ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፤ ሽቦው እንደ ፍም ይቀላል፣ የተኙበት ፍራሽ ይያያዛል። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ይቀመጣል፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። የፊውዙ ልክም ሽቦው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም። የተቃጠለ ፊውዝ በመዳብ ክር ጠቅልሎ መመለስ እሳት መጥራት ነው።

የመብራቱ ባትሪ ሞተሪኖውን ከሚያዞረው ባትሪ ይለይ። በመካከላቸው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚያገናኝ ሪሌ ይገባል። ያለዚያ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሁለቱንም ባትሪ ጨርሶ፣ ጠዋት መኪናዋን የሚገፋ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ለላፕቶፕ ያገለግላል፤ ምንም ሳይሰካበትም ስለሚበላ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓነሉ ይገናኛል፤ ሲፈታ በተቃራኒው።

ሥዕሉ እርሳስ ተይዞ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያው ቁጥር በሽቦው በሁለቱም ጫፍ ይለጠፋል። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ይጣበቅ። ውጫሌ ወይም ወልዲያ ላይ መብራቱ ቢጠፋ፣ መኪናዋን አይቷት የማያውቅ ኤሌክትሪሽያን ክዳኑን ከፍቶ፣ ቁጥር 6 የፓምፗ መሆኑን አንብቦ ይጀምራል።