ለብጉር የሚቀባ ክሬም ከመግዛትዎ በፊት

በደሴ ፒያሳ የመዋቢያ ሱቅና መድኃኒት ቤት ተቀራርበው ይገኛሉ። ፊቱ ላይ ብጉር የወጣበት ወጣት ወደ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ግን ብዙውን ጊዜ በጓደኛ ምክር ነው።

ብጉር የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። በጉርምስና ወቅት የሚጨምሩ ሆርሞኖች ወዝ አመንጪ ዕጢዎችን ያነቃቃሉ፤ ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ተቀላቅሎ ቀዳዳዎችን ሲደፍን ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳውም ይቆጣል። ስለሆነም ፊትን ደጋግሞ መፈተግ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ በለስላሳ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ መታጠብ ይበቃል። ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ወደ ግንባር ሲወርድም ቀዳዳዎችን ሊደፍን ስለሚችል፣ ቅቤ የሚቀቡ ወጣቶች ግንባራቸውን ቢጠርጉ ይመረጣል። ብጉርን ማፍረጥ ደግሞ በጠይም ቆዳ ላይ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶልን የመሳሰሉ የስቴሮይድ ክሬሞችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ለሌሎች የቆዳ ሕመሞች የሚታዘዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱን ስለሚቀንሱ ያዳኑ ይመስላሉ። ለሳምንታት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ራሳቸውም ብጉር ያስከትላሉ፤ ሲቆሙ ደግሞ ፊቱ ይብስበታል። ተጠቃሚውም መፍትሔ ያገኘ መስሎት ወደዚያው ክሬም ይመለሳል። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው በሚሸጡ ቅባቶች ውስጥም ስቴሮይድ በማሸጊያው ላይ ሳይገለጽ ሊገኝ ይችላል።

ለቀላል ብጉር ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ወይም አዳፓሊን የተባሉትን መድኃኒቶች ከጤና ባለሙያ ጋር ተማክሮ መጠቀም ይቻላል። ለውጡ የሚታየው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ የጨርቅ ቀለም ስለሚያለቅቅ የነጠላን ጥለትና የትራስ ልብስን ከእርሱ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ብጉሩ ጠልቆ የሚያም ከሆነ፣ ጠባሳ ከተወ ወይም ወጣቱን ከትምህርትና ከሰው ካራቀ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ቤተሰብም ነገሩን እንደ ቅንጦት ሊያየው አይገባም። ከጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚታወቅ ነው።

ስቴሮይድ ክሬም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ የቆዩ ተገልጋዮች በራሳቸው ውሳኔ በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ ቱቦውን ወይም ማሸጊያውን ይዘው በመምጣት ለባለሙያው እንዲያሳዩ ይመከራል። አጠራጣሪ ምርት ያጋጠመው ማንኛውም ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል።