አብረው የጀመሩት ጉዞ

የአንድን ሕዝብ ታሪክና ባህል በመጽሐፍ ብቻ ማወቅ ይቻላልን? ጆን ካምቤልና ባለቤቱ ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 በሠረገላ እያደሩ በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ተጓዙ። እርሱ ገበሬዎችን ስለ እርሻቸው ሲጠይቅ፣ እርሷ የጥንት ዘፈኖቻቸውን ትሰበስብ ነበር።

ጆን በ1919 አረፈ። ኦሊቭ ግን የጀመረውን መጽሐፍ ጨርሳ በ1921 አሳተመች። በ1925 ደግሞ ከባልደረባዋ ጋር በሰሜን ካሮላይና፣ ብራስታውን፣ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ከፈተች። እስከ ዛሬ በዚያ ፈተናም ማርክም የለም፤ ተማሪው እየሸመነ፣ እንጨት እየጠረበ፣ ብረት እየቀጠቀጠ የተራራውን ሕዝብ ሙያ በእጁ ይማራል።

እናንተስ ባልና ሚስት፣ ልጆቻችሁ የአያቶቻቸውን ሙያ የሚያውቁት በወሬ ነው ወይስ በእጃቸው? አያቶቻቸው ዘንድ ውሰዷቸው፤ ጠይቀው ብቻ አይመለሱ፣ አብረው ይሥሩ።