ምኞትን ወደ ግብ የመለወጥ ትምህርት

ምኞትና ግብ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ምኞት የሚፈለገውን ብቻ ሲያመለክት፣ ግብ የሚሠራውን ሥራ፣ ጊዜውንና የመፈጸሙን ምልክት ጭምር ይወስናል።

ለዚህ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከተማሩ በኋላ ወደ ሐይቅ መጥተው ማስተማር ጀመሩ፤ መጻሕፍትንም አሰባሰቡ። በ1273 ዓ.ም. ግድም ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የብራና መጽሐፍ ቆዳው ተፍቆ፣ መስመሩ ተሰምሮ፣ ገጽ በገጽ ይጻፋል። በቤተ ክህነት ትምህርትም ተማሪው ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት የሚሻገረው የያዘውን ለመምህሩ አሰምቶ ነው። ሩቁ ዓላማ በቅርብ እርምጃ ይለካል ማለት ነው።

በሐይቅና በአምባሰል ትምህርት ቤቶችም ይኸው ዘዴ ሊሠራበት ይችላል። «ሐኪም እሆናለሁ» የሚል የ7ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንቱ የትኞቹን የሒሳብ ጥያቄዎች፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ በደብተሩ ይጻፍ፤ ዓርብ ዕለት መምህሩ ይመልከትለት። ሰዓቱ ሲመረጥ ልጁ ከብት የሚጠብቅበትና ውሃ የሚቀዳበት ጊዜ መታሰብ አለበት። ያልተፈጸመው ዕቅድ ይቀነሳል ወይም ይሻሻላል እንጂ ለወቀሳ አይውልም።

ፈተና ማለፍ ብቻውን ግብ ሊሆን አይገባም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ውድቀት በተማሪው ትጋት ማነስ ብቻ አይተረጐምም። ስለሆነም ተማሪው በእጁ ያለውን ሥራ ሲያቅድ፣ መጽሐፍና መምህር ማሟላት የዕቅድ አውጪዎች ግብ ሊሆን ይገባል።