በሽርሽር መርከብ ላይ የሚሰጥ ጉርሻ

በሽርሽር መርከብ ላይ የሚሰጥ ጉርሻ ተሳፋሪዎች ለመርከቡ የመስተንግዶ ሠራተኞች ከቲኬቱ ዋጋ በተጨማሪ የሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ተቀባዮቹ በተለይ ክፍል የሚያጸዱ፣ ምግብ የሚያቀርቡና መጠጥ የሚቀዱ ሠራተኞች ናቸው። ቀድሞ በጉዞው የመጨረሻ ምሽት በፖስታ ታሽጎ በእጅ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ተሰልቶ በተሳፋሪው ሒሳብ ላይ የሚጨመር ክፍያ ሆኗል። ስሙ ጉርሻ ይባል እንጂ ከብዙዎቹ ሠራተኞች ገቢ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ስለሆነ፣ መስጠት ወይም አለመስጠት ከምስጋና ይልቅ የደመወዝ ጉዳይ ነው።

ስያሜ

«ጉርሻ» በመጀመሪያ ፍቺው አንድ ሰው ጠቅልሎ ሌላውን የሚያጎርሰው ምግብ፣ የአክብሮትና የፍቅር ምልክት ነው። በከተማ አነጋገር ለአስተናጋጅ ከሒሳብ በላይ የሚተው ገንዘብም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ከእንግሊዝኛ የመጣው «ቲፕ»ም ጎን ለጎን ይሰማል። ሁለቱም ቃላት በፈቃድ የሚሰጥን ነገር ያመለክታሉ። በመርከብ ላይ ያለው ልማድ ግን በኢትዮጵያ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ ከሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ፣ በተለምዶ «ሰርቪስ ቻርጅ» ከሚባለው፣ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ልዩነቱ በብዙ መርከቦች ላይ ተሳፋሪው ክፍያውን ማስቀነስ ወይም ጨርሶ ማስቀረት መቻሉ ነው።

ከፖስታ ወደ ሒሳብ

አውሮፕላን የባሕር መንገደኞችን ከመውሰዱ በፊት አትላንቲክ ውቅያኖስን በሚያቋርጡ መርከቦች ላይ ለአስተናጋጆች ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነበር። የዛሬው የሽርሽር ጉዞ ንግድ መልኩን የያዘው በካሪቢያን ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 «ሰንዋርድ» የተባለችው መርከብ ከማያሚ ወደ ባሃማስ መመላለስ ጀመረች፤ ባለቤቷ ዛሬ ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የሚባለው ኩባንያ ነበር። ሮያል ካሪቢያን በ1968፣ ካርኒቫል ደግሞ በ1972 ተከተሉ። አብዛኛው ተሳፋሪ አሜሪካዊ ስለነበር፣ የምግብ ቤት አስተናጋጅ በጉርሻ የሚኖርበት የአሜሪካ ልማድም አብሮ ተሳፈረ።

በዚያ ዘመን አሠራሩ ቀላል ነበር። ተሳፋሪው ለጉዞው በሙሉ አንድ የእራት ሰዓትና አንድ ጠረጴዛ ይመደብለታል። ማታ ማታ የሚያስተናግዱት አንድ አስተናጋጅና አንድ ረዳት ሲሆኑ፣ ክፍሉንም የሚያነጥፈው ያው አንድ ሰው ነው። ሦስቱም ስሙን ያውቃሉ፤ እሱም ስማቸውን ያውቃል። በመጨረሻው ምሽት የሥራ መደቦቹ ስም የታተመባቸው ፖስታዎች ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡለታል፤ ኩባንያውም ለእያንዳንዱ ምን ያህል ቢሰጥ ተገቢ እንደሆነ በወረቀት ያሳስባል። ከዚያ በኋላ ፖስታውን ማደል የተሳፋሪው ፈንታ ነው። በዚያ ምሽት ወደ እራት አዳራሽ ብቅ ሳይሉ የሚቀሩ ሰዎች መኖራቸው በሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነበር።

ይህን አሠራር የለወጠው የምግብ ሰዓት ነው። ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ2000 የተመደበ ጠረጴዛና ሰዓት የሌለበትን አሠራር ጀመረ፤ ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉት። ተሳፋሪው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ሲበላ በሳምንት ውስጥ ብዙ አስተናጋጆች ይፈራረቁበታል፤ የማንኛውን ፖስታ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅም አስቸጋሪ ሆነ። ኩባንያዎቹ ገንዘቡን ራሳቸው ሰብስበው ለማከፋፈል የወሰኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለእነሱ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ገቢው አስተማማኝ ሲሆን ሠራተኛ መቅጠርም ማቆየትም ይቀላል።

የክፍያው መጠንና አሰባሰብ

በመርከብ ላይ ግዢ የሚፈጸመው በአብዛኛው ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ተሳፋሪው ሲሳፈር የሚሰጠው ካርድ የክፍሉ ቁልፍም የሒሳብ መዝገቡም ሲሆን፣ የቀኑ ጉርሻም በዚሁ ሒሳብ ላይ ይሰፍራል። ጉርሻውን ከጉዞው በፊት ከቲኬቱ ጋር መክፈልም ይቻላል።

በ2020ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ገበያ በሚሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ በመደበኛ ክፍል ያረፈ ተሳፋሪ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ያህል ይጠየቅ ነበር፤ ባለ ሳሎን ሰፋፊ ክፍሎች (ስዊት) ውስጥ የሚያርፉት ከዚህ በላይ ይከፍላሉ። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2023 የመደበኛ ክፍሉን ወደ 16 ዶላር፣ ኖርዌጂያን በ2024 መጀመሪያ ወደ 20 ዶላር ከፍ አድርገዋል። ክፍያው የሚታሰበው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ ጨቅላ ሕፃናትን በነፃ የሚያልፉ ኩባንያዎች ቢኖሩም ከፍ ያለ ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ስለዚህ በቀን 18 ዶላር በሚያስከፍል መርከብ ላይ ለሰባት ሌሊት የሚጓዝ አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ የጉርሻው ድምር 504 ዶላር ይደርስበታል። ቲኬት ሲቆርጥ ይህን ያላሰበ ሰው በመጨረሻው ቀን ሒሳቡን ሲያይ ይደነግጣል።

መጠጥ፣ የውበትና የማሳጅ አገልግሎት፣ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ምግብ ቤቶችም ከቀኑ ጉርሻ ውጭ ናቸው። በእነዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 በመቶ ወዲያው ይጨመራል። ሆኖም የሚፈረምበት ደረሰኝ ለተጨማሪ ጉርሻ የተተወ ባዶ መስመር ሊኖረው ይችላል፤ ልብ ያላለ ተሳፋሪ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ጉርሻ ይሰጣል።

የተሰበሰበው የቀን ጉርሻ ለክፍል አስተናጋጆች፣ ለምግብ አዳራሽ አስተናጋጆችና ለረዳቶቻቸው ይከፋፈላል። ተሳፋሪው ፈጽሞ የማያያቸው የልብስ ማጠቢያና የወጥ ቤት ሠራተኞች ድርሻ የሚያገኙባቸው ኩባንያዎችም አሉ። ካፒቴኑ፣ መኮንኖቹና መሐንዲሶቹ ግን ጉርሻ ተቀባዮች አይደሉም፤ ለእነሱ ገንዘብ መዘርጋት እንደ ነውር ይታያል።

የሠራተኞቹ ደመወዝ

ጉርሻው ይህን ያህል ክብደት የያዘበት ምክንያት የሚገኘው በመርከቡ የኋላ ክፍል ላይ በተጻፈው የምዝገባ ወደብ ስም ነው። ከማያሚ የሚነሱት መርከቦች አብዛኞቹ በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በቤርሙዳ ወይም በማልታ የተመዘገቡ ናቸው። በዓለም አቀፍ አሠራር በመርከብ ላይ የሚጸናው በቅድሚያ የተመዘገበችበት አገር ሕግ ነው። የአሜሪካ ፍትሐዊ የሥራ መመዘኛ ሕግም የአሜሪካ ባልሆነች መርከብ ላይ የሚሠራን መርከበኛ ከዝቅተኛ ደመወዝና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ድንጋጌዎቹ ውጭ አድርጎታል። ኩባንያዎቹ አስተናጋጆችን በብዛት የሚቀጥሩት ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድና መሰል አገሮች ሲሆን፣ መነሻ ደመወዙ ለአሜሪካ ወይም ለምዕራብ አውሮፓ ሠራተኛ የማይቀመስ ነው። ጉርሻው ይህን ክፍተት ይሞላል። በአንዳንድ ውሎች ላይ ዝቅተኛ የወር ገቢ ይረጋገጣል፤ ጉርሻው ከዚያ ካነሰ ኩባንያው ይሞላዋል።

ሥራው ከባድ ነው። የክፍል አስተናጋጅ ብዙ ክፍሎችን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ያዘጋጃል፤ ተሳፋሪዎች በሚለዋወጡበት ቀን አንሶላው ሁሉ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አዲስ እንግዳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ቢቆጠር 5,610 ተሳፋሪ የምትይዝ ሲሆን፣ የሠራተኞቿ ቁጥር 2,350 ያህል ነው። የሥራ ውል ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር የሚዘልቅ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ የዕረፍት ቀን ማግኘት ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሥራ ሰዓቱን በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ከ14፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከ72 እንዳይበልጥ፣ አለዚያም ዕረፍቱ ከ10 እና ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይወስናል። በየብስ ላይ ላለ ሰው ይህ የመብት ጣሪያ ሳይሆን የጭነት መጠን ሊመስለው ይችላል።

የፊሊፒንስ መደበኛ የመርከበኞች ውል ከመነሻ ደመወዝ ቢያንስ 80 በመቶው ለቤተሰብ እንዲላክ ያስገድዳል። በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ወደብ ላይ ለስልክና ለኢንተርኔት፣ ለሳሙናና ለቡና የሚወጣው ከዚሁ ነው።

የአሜሪካ ሕግ የሚጸናባት ትልቅ የሽርሽር መርከብ «ፕራይድ ኦቭ አሜሪካ» ናት። በሃዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ የምትዘዋወረው ይህች መርከብ በአሜሪካ የተመዘገበች ናት። በ1886 የወጣው የመንገደኛ መርከቦች ሕግ የውጭ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። አብዛኞቹ ሠራተኞቿ አሜሪካውያን ሲሆኑ ዝቅተኛው ደመወዝም ይመለከታቸዋል። የቀን ጉርሻው ግን እዚያም አልቀረም።

ክፍያውን ማስቀረት

በበርካታ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ተሳፋሪው ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ የቀን ጉርሻው እንዲቀነስለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። የሚጠይቁት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። አንዳንዱ በአገልግሎቱ ተከፍቶ ነው፤ ሌላው ገንዘቡን ለሚያውቃቸው ሠራተኞች በእጁ መስጠት ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ደመወዝ መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው ብሎ ያምናል።

የሁለተኛው ሰው ሐሳብ ቅን ቢሆንም ውጤቱ የተፈለገውን ላይሆን ይችላል። በአንዳንድ ኩባንያዎች ደንብ መሠረት ጉርሻውን ካሰረዘ ተሳፋሪ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ሠራተኛ ወደ ጋራ ቋቱ ማስገባት አለበት። የቀን ጉርሻውን ሳይነካ ተጨማሪ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ ግን ለተቀባዩ ይቀራል። የሦስተኛው ሰው ክርክር በመርሕ ደረጃ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ተቃውሞው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ኩባንያው የቲኬቱን ዋጋ አስቀድሞ ተቀብሏል፤ የሚጎድለው የሠራተኞቹ ቋት ነው። የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ቅሬታውን ጉዞው ሳያልቅ ለኃላፊዎች ቢያሰማ ችግሩ እዚያው ሊስተካከል ይችላል። በአንድ ሰው ጥፋት ጉርሻውን ማሰረዝ ግን አንሶላ ያነጠፈውንም ሳህን ያጠበውንም አብሮ ይቀጣል።

በኩባንያዎቹ ላይ የሚቀርበው ትችት ከዋጋ ማስታወቂያ ጋር የተያያዘ ነው። ክፍያው «በፈቃድ» እስከተባለ ድረስ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2024 በካሊፎርኒያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች ሁሉ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ እንዲታዩ አዘዘ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የወደብ ክፍያን በማስታወቂያቸው ዋጋ ውስጥ ሲያካትቱ፣ ጉርሻው ግን ከውጭ ቀረ።

በእጅ የሚሰጥ ተጨማሪ

የቀን ጉርሻውን የከፈለ ሰው ከዚያ በላይ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ልዩ ትጋት ያሳየን የክፍል አስተናጋጅ ወይም የልጆቹን ምግብ በየቀኑ ያስታወሰን አስተናጋጅ ለማመስገን የሚፈልግ ግን በመጨረሻው ቀን በፖስታ አድርጎ ይሰጣል። አንዳንዶች በመጀመሪያው ቀን ይሰጣሉ፤ ይህ ከምስጋና ይልቅ ወደ አደራ ያደላል። ሳንቲም መስጠት አይመከርም፤ ከመርከብ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚወርድ ሠራተኛ የሌላ አገር ሳንቲም የሚመነዝርበት ቦታ የለውም። የዶላር ወይም የዩሮ ኖት ይሻላል። ለገንዘብ ምትክ ባይሆንም፣ በጉዞው መጨረሻ በሚሞላው መጠይቅ ላይ የሠራተኛውን ስም መጻፍም ዋጋ አለው፤ አለቆች ስለሚያዩት የሚቀጥለውን ውልና ዕድገቱን ሊረዳ ይችላል።

ወደብ ላይ ሻንጣ የሚያነሱት ሠራተኞች የመርከቡ ተቀጣሪዎች ስላልሆኑ ከቋቱ ምንም አይደርሳቸውም። በአሜሪካ ወደቦች ለአንድ ሻንጣ አንድ ወይም ሁለት ዶላር መስጠት የተለመደ ነው። በየወደቡ የሚያስጎበኙ ሰዎችና ሾፌሮችም እንዲሁ ለብቻቸው ይታሰባሉ።

በሌሎች ገበያዎች

ጉርሻን በዋጋው ውስጥ የሚያካትቱ ኩባንያዎች ጥቂት አይደሉም። እንደ ሲበርንና ሪጀንት ሰቨን ሲስ ያሉ ውድ ኩባንያዎች ለየብቻ አይጠይቁም፤ የጀርመኖቹ አይዳና ማይን ሺፍም እንዲሁ። ከአውስትራሊያ በሚነሱ በርካታ ጉዞዎችም ጉርሻው ከቲኬቱ ጋር ነው። የብሪታንያው ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ በሰው በቀን 7 ፓውንድ ያስከፍል የነበረውን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ አስቀርቷል። በእነዚህ መርከቦች ላይ ለአስተናጋጅ ጥቂት ገንዘብ መስጠት አይከለከልም፤ ባይሰጥም ማንም አይጠብቅም።