በቤት ጥግ ስለ ተቀመጠች አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና

በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ደጋ አገሮች፥ በአንዳንድ ቤት ጥግ አሮጌ ሲንጀር ጨርቅ ተደርቦባት፥ አቧራ ለብሳ ትገኛለች። እናት ወይም አያት ቤተ ሰቡን ያለበሱባት፥ ለጎረቤትም ሰፍተው የድካም ዋጋ ያገኙባት መኪና ናት። ዛሬ ግን መዘውሯ አልዞር ስላለ «ሞታለች» ትባልና ለልዋጭ ነጋዴ በሳፋ ትሰጣለች። ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ግን እንዳልሞቱ ለእመቤቶችና ለወጣቶች ማስረዳት ይገባናል።

ይስሐቅ ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ ለመኪናው የፈጠራ መብት የተቀበለው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ. ም. ነው። በስኮትላንድ አገር በክላይድባንክ የነበረው ታላቁ ፋብሪካውም እስከ 1980 ዓ. ም. ድረስ ሲሠራ ኖሯል። የጥንቶቹ መኪናዎች አካል ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ በቶሎ አያረጅም። ማዕድን አቅልጦ ማፍሰስም ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1860 ዓ. ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው በአቅራቢያው በጋፋት ነውና።

መኪናዪቱን የሚያስራት ብዙ ጊዜ ስብራት ሳይሆን የደረቀ ዘይት ነው። በአገራችን የኑግ ዘይት በእጅ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ መኪናዪቱ በጮኸች ጊዜ እርሱን ጠብ የሚያደርጉባት አሉ። የኑግ ዘይት ግን ለወጥ እንጂ ለመኪና አይሆንም፤ አየር ሲያገኘው እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻው እንደ ሙጫ ይሆናል፥ ብረትንም ከብረት ያጣብቃል። ቅቤም ቢሆን በደጋው ብርድ ይረጋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል። አስቀድሞ መርፌውንና ክሩን ማውጣት፤ ቀጥሎ ከመርፌው በታች ያለውን ክዳን ፈትቶ፥ ጨርቁን በሚገፉት ጥርሶች መካከል የታጨቀውን ብናኝ በብሩሽ መጥረግ ነው። የተፈቱት ብሎኖች እንዳይጠፉ በአወጣጣቸው ተራ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደርደሩ። ከዚህ በኋላ በዘይት ቀዳዳዎቹና ብረት ከብረት በሚፋተግበት ስፍራ ሁሉ ላምባ ጠብ ጠብ አድርጎ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ላምባ እሳት ይስባልና ሥራው ከምድጃና ከኩራዝ ርቆ፥ መስኮት ተከፍቶ ይሁን።

በማግስቱ መዘውሩን በእጅ ወዲያና ወዲህ በቀስታ መወዝወዝ ነው። እንቢ ብትል ላምባውን መድገም እንጂ በመዶሻ መምታት አይገባም፤ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲመታ ይሰነጠቃል። መዞር በጀመረች ጊዜ ቆሻሻውን በጨርቅ ጠርጎ፥ በየቀዳዳው ለስፌት መኪና የተሠራውን ቀጭን ዘይት አንድ አንድ ጠብታ ማድረግ ነው። ላምባ ያጸዳል እንጂ እንደ ዘይት አያለሰልስምና በዚያው መተው አይገባም።

በወርቅ ቀለም የተሣለው ጌጧ በአሸዋ ወረቀት አይፈተግ፤ ዘይት በነካ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወልወል። በእግር የምትሠራ እንደ ሆነች፥ የላላው ጠፍር ጫፉ ተቆርጦ ይጥበቅ። መርፌውም አዲስ ይሁን፤ የደነዘ መርፌ ስፌት ያዘልላል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። በዓሉ ሲቃረብ ለልብስ ሰፊው ሥራ ይበዛበታል፥ ዋጋውም ይከብዳል። የምትሠራ መኪና ያላት እናት ግን የልጆቿን ቀሚስ በቤቷ ትሰፋለች፤ የተቀደደውን ትጥፋለች፤ ለጎረቤት ሰፍታም የደብተርና የእርሳስ መግዣ ታገኛለች። በሳፋ የተለወጠች መኪና ግን አትመለስም። ሳፋው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ እርሷ ግን በየጊዜው ጥቂት ዘይት ካገኘች ለልጅ ልጅ ትተርፋለች። ስለዚህ የልዋጭ ነጋዴው በደጅ በተጣራ ጊዜ፥ መኪናዪቱን ከመስጠታችን በፊት አንድ ሌሊት ላምባ እናሳድርባት።