ለታመመ ዓሣ የጨው መታጠቢያ

ዓሣ በሚያረቡ ማኅበራት ገንዳ ውስጥ ዓሦቹ ሰውነታቸውን በግድግዳው ሲፈትጉ፣ ቆዳቸው ላይ ነጭ ዝልግልግ ሲበዛ ወይም ክንፋቸው ሲቆራረስ ከታየ፣ የልማት ሠራተኛው ጨው እንዲጠቀሙ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ጨው የት እንደሚጨመር ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ጨው በቀጥታ ገንዳው ላይ ይበተናል።

የቆሮሶም ሆነ የአምባዛ የሰውነት ፈሳሽ ከሚኖሩበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። በዚህም ምክንያት ውሃ በስንጥባቸው በኩል ያለማቋረጥ ይገባባቸዋል፤ እርሱን ለማስወጣትም ኃይል ያወጣሉ። ቆዳቸው ሲቆስል ድካሙ ይብሳል። ውሃው ጥቂት ጨው ካገኘ ይህ ሸክም ይቀልላቸዋል። ጨው ጠንከር ሲል ደግሞ በቆዳና በስንጥብ ላይ የተጣበቁ፣ በዓይን የማይታዩ ብዙ ጥገኛ ነፍሳት ውሃቸውን አጥተው ይሞታሉ ወይም ይረግፋሉ።

ይሁን እንጂ ጨው በገንዳው የሚኖረውን ሁሉ ይነካል። ጫጩቶች የሚመገቧት የውሃ ቁንጫ የሽሪምፕ ዘመድ ናት፤ ዓሣው የሚችለውን የጨው መጠን አትችልም። ከዓሣ ጋር ሽሪምፕ በአንድ ገንዳ በሚረባበት ቦታም ዓሣውን አውጥቶ ለብቻው ማከም ይሻላል። ከዚህም ሌላ ውሃ ይተናል እንጂ ጨው አይተንም። የገንዳው ውሃ ለጓሮ አትክልት የሚጠጣ ከሆነ ጨዉ አፈሩ ላይ ይከማቻል፤ ሽንኩርት፣ ካሮትና ፎሶሊያ ቶሎ ይጎዳሉ። ወጪውም ቀላል አይደለም። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድና 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 4,800 ሊትር ይይዛል። በሊትር 10 ግራም ሲታሰብ 48 ኪሎ ጨው ይፈጃል። ለ20 ሊትር ውሃ ግን 200 ግራም ይበቃል።

ስለዚህ በፕላስቲክ ሳፋ ወይም ባልዲ ከዚያው ከገንዳው 20 ሊትር ውሃ ይቀዳል። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ አይሁን፤ ጨው ዚንኩን አሟሙቶ ዓሣውን ይመርዛል። 200 ግራም ጨው በሚዛን ተለክቶ ይጨመርና እህሉ እስኪጠፋ ይማሰላል፤ ያልሟሟ ጨው ስንጥብ ያቃጥላል። በእፍኝ መገመት አይገባም። በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዓሦች ይሞከራሉ፤ ደህና ከሆኑ ሌሎቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይገባሉ። የሚቆዩት ቢበዛ 30 ደቂቃ ነው። ሰዓት ብቻ መመልከት ግን አይበቃም፤ ወደ ጎኑ ያዘነበለ ዓሣ በ5 ደቂቃም ቢሆን ወዲያው ወደ ንጹህ ውሃ ይዛወር። የተሠራበት ጨዋማ ውሃ ከአትክልቱ ርቆ ይደፋ።

የታጠቡት ዓሦች ወደዚያው ቆሻሻ ገንዳ ከተመለሱ በሽታው ያገረሻል። አስቀድሞ የተረፈው መኖ ይጠረግ፤ የውሃው ከፊልም ይለወጥ።

ጨው የማይነካቸው ችግሮችም አሉ። በሥጋ ውስጥ የተቀበረው ቢጫ ትል በጨው አይሞትም። ዓሦች ሊነጋጋ ሲል አፋቸውን ከውሃው ወለል ላይ አውጥተው የሚያለከልኩ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ያጠራቸው አየር ነው፤ ለእነዚህ ንጹህ ውሃ ከከፍታ እያንዶለዶሉ መጨመርና ለዚያን ቀን መኖ ማቆም ይገባል።